ከድረ ገጹ የጠፉት ጋሽ በየነ

ያኔ ሥራዬ ሰርቨር መጠበቅ ነበር። ይህን ለእናቴ ሳስረዳት አንድ ከሰዓት ሙሉ ፈጅቶብኝ፣ በመጨረሻ «ዘበኛ ሆንሽ ማለት ነው?» አለችኝና ተውኩት። ከእውነቱ ብዙም አልራቀችም።

ነገሩ የሆነው ኢንተርኔት መሐል ሜዳ ከተማ ገና በገባበት ሰሞን፣ ወጣቱም ሽማግሌውም «ተደራጁ» በሚባልበት ዘመን ነው። በኮምፒውተር ሳይንስ ተመርቄ፣ አዲስ አበባ ያላመለከትኩበት መሥሪያ ቤት ሳይኖር፣ አንዱም መልስ ሳይሰጠኝ አገሬ መንዝ ተመለስኩና አንድ የእደ ጥበብ ማኅበር ውስጥ ተቀጠርኩ። ማኅበሩ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔዎችን፣ ሸክላ ሠሪዎችንና ብረት ቀጥቃጮችን ያሰባሰበ ነበር። አንድ ረጂ ድርጅት ድረ ገጽ አሠርቶ ሰጠን። እያንዳንዱ አባል ፎቶውና ሥራው የሚታይበት የራሱ ገጽ ነበረው። ድረ ገጹ የሚያርፍበትን ሰርቨር ውጭ አገር እንከራይ ሲባል፣ ሊቀመንበራችን አቶ ሸዋንግዛው «የኛ ንብረት ሰው ቤት አያድርም» አሉ። ሰርቨሩም መሐል ሜዳ፣ ቢሯችን ውስጥ፣ ከሱፍ መጋዘኑ አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል ገባ።

አቶ ሸዋንግዛው ጥበቃ የሚያውቁ ሰው ናቸው። የጓሳ ሣር እንዳይታጨድና ከብት እንዳይገባበት ሲዘጋ ድንበሩን ከሚያስከብሩት ሽማግሌዎች አንዱ ነበሩ። የክፍሏን መስኮት በቆርቆሮ አስመቱ፣ በሩ ላይ ሁለት ጓጉንቸር አስገቡ፣ ከሰርቨሩ በላይ የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ሰቀሉ። ከዚያ ወደኔ ዞር አሉ።

«አንቺስ ምን ጨመርሽ?»

«ፋየርዎል።»

«ምንድነው እሱ?»

«አጥር ነው።»

ክፍሏን ዙሪያዋን አዩና «የታለ?» አሉ።

«አይታይም።»

«የማይታይ አጥር» አሉ በቀስታ። «በይ እንግዲህ፣ የማይታይ ከብት ከመጣ ይመልስልን።»

እኔ ግን በአጥሬ እኮራ ነበር። ከሁሉም በላይ የምኮራው ደግሞ በይለፍ ቃሌ ነው። የልደት ቀን ወይም የእናት ስም የይለፍ ቃል የሚያደርጉ ሰዎችን ያስተማርኩ፣ የተሳለቅኩም ሰው ነኝ። የኔ ክርስትና ስሜ ነበር፤ ወለተ ሰንበት። በመሥሪያ ቤት ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ ዘነቡ በሚለው ነው፤ ክርስትና ስሜን እናቴና የነፍስ አባቴ ካልሆኑ ማንም አያውቀውም። በላዩ ላይ ለጥንቃቄ ብዬ አንድ ቁጥር ጨመርኩበት። ያውም «1» ነው።

ከአባሎቻችን ውስጥ ድረ ገጹን ከልቡ የወደደው አንድ ሰው ነበር፤ ቀጥቃጩ ጋሽ በየነ። ማረሻና ማጭድ ይሠራሉ። ፎቶ ላነሳቸው በሄድኩ ቀን፣ ወናፋቸው አጠገብ ቁጭ ብለው፣ እሳቱ ፊት ንጹሕ ጋቢ ለብሰው ጠበቁኝ። ጋቢው ይቃጠልብዎታል ብላቸው «ዛሬ አይቃጠልም» አሉ። ከዚያ ወዲያ ገበያ በዋለ ቁጥር ቢሮ ይመጣሉ፤ ባርኔጣቸውን ያወልቁና «እስቲ ክፈቺኝ» ይሉኛል። ገጻቸውን እከፍትላቸዋለሁ። ቆመው ያዩታል። ማንበብ ስለማይችሉ ከፎቷቸው ሥር የጻፍኩትን አነብላቸዋለሁ፦ «አቶ በየነ፣ ከአባታቸው ሙያ የወረሱ ባለ እጅ»። «ባለ እጅ» ያልኩት አክብሬ መናገሬ ነበር። አመስግነው ይሄዳሉ።

አንድ ማክሰኞ መጡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ። ከፈትኩ።

ገጹ ባዶ ነበር። ፎቶው የለም፣ ማረሻው የለም፣ ስሙ የለም። የአባላት ዝርዝር ውስጥ ገባሁ፤ ሸማኔዎቹ አሉ፣ ሸክላ ሠሪዎቹ አሉ፣ ሌላው ቀጥቃጭ እንኳ አለ። ጋሽ በየነ ብቻ የሉም።

«ምነው?» አሉ።

«ትንሽ ይጠብቁኝ።»

ጠበቁኝ። እኔም የሚሠራ ሰው ለመምሰል ቁልፎቹን መታሁ። ጥቂት ቆይተው «አጠፋችሁኝ?» አሉ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም፤ ይህ ነገር መቼም አንድ ቀን እንደሚሆን የሚያውቁ ዓይነት ነበር። ባርኔጣቸውን አደረጉና ወጡ።

ለአቶ ሸዋንግዛው ስነግራቸው የራሴን ግምት ጨምሬ ነበር። «ሀከሮች ናቸው፤ ከሩሲያ ወይ ከቻይና ሊሆን ይችላል።»

«ከሩሲያ ተነሥተው፣ ባሕር ተሻግረው፣ የማይታይ አጥርሽን ጥሰው፣ በየነን ብቻ አጥፍተው ተመለሱ?»

እሳቸው ሲሉት ለኔም አሳማኝ አልመስል አለኝ።

«ለማንኛውም ቅጂ ስላለኝ በአምስት ደቂቃ እመልሰዋለሁ» አልኩ።

«እንዳትነኪው! ፈለግ ሳይታይ ቦታ አይረገጥም። ሌባ ፈለግ ይተዋል። ይኼ ማሽን ፈለግ የለውም?»

አለው። ሰርቨር ማን፣ መቼ፣ በየት በኩል እንደገባ የሚመዘግብበት መዝገብ አለው፤ አራት ዓመት የተማርኩትን እሳቸው በአንድ ጥያቄ ደረሱበት። መዝገቡን ከፈትኩ። ሰውዬው የገባው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። የገባው ከዚሁ ከቢሯችን ኮምፒውተር ነው። የገባበት ስም ዘነቡ ይላል። የይለፍ ቃሉን የጻፈው አንዴ ነው፤ አልተሳሳተም።

አነበብኩላቸው።

«ቅዳሜ የት ነበርሽ?»

«አባቴ ቤት።»

«ማን አየሽ?»

«አባቴና እናቴ።»

«ቤተሰብ ምስክር አይሆንም። ቁልፉን፣ ያን ቃሉን፣ ማን ያውቀዋል?»

«እኔ ብቻ።»

ይህን ያልኩት በኩራት ነው፤ የኩራት መልስ ግን የጥፋተኛ መልስ ሆኖ ወጣ።

የቢሮው በር ቁልፍ የነበረን ሦስት ሰዎች ነን፤ አቶ ሸዋንግዛው፣ እኔና የንብረት ክፍሏ አስናቀች። አቶ ሸዋንግዛው ኮምፒውተር ነክተው አያውቁም። አስናቀች ደግሞ የጋሽ በየነ ልጅ ናት። የገዛ አባቷን ታጠፋለች ብሎ ማን ያስባል? የቀረሁት እኔ ነኝ። አገሩ ሁሉ ደግሞ የኔ አባት ባላገር ገበሬ መሆኑን፣ ቀጥቃጭ ከሚንቁት ወገን መሆኑን ያውቃል።

«ስሚ ዘነቡ» አሉ አቶ ሸዋንግዛው። «በአባቶቻችን ጊዜ ከብት ሲሰረቅ ፈለጉን ይከተሉታል። ፈለጉ የገባበት ቤት፣ ወይ ፈለጉን ከቤቱ ያስወጣል፣ ወይ ይክሳል። ይኼ ፈለግ አንቺ ቤት ገብቷል። ሐሙስ ማኅበሩን እሰበስባለሁ። እስከዚያ አስወጪ። ካላስወጣሽ ሥራሽን ትለቂያለሽ፤ በየነንም አባትሽ ባሉበት በሽማግሌ ፊት ይቅርታ ትጠይቂያለሽ።»

የዚያን ዕለትና በማግስቱ ረቡዕ ጠዋት መዝገቡን ስገለብጥ ዋልኩ። ቫይረስ ፈለግኩ፤ የለም። የይለፍ ቃል የሚሰርቅ ፕሮግራም ፈለግኩ፤ የለም። አጥሬ አንድም ቦታ አልተነካም። ሌባው በዋናው በር፣ ቁልፉን ይዞ፣ ተረጋግቶ ነው የገባው። ከዚህ ሁሉ ልፋት በኋላ ያገኘሁት እኔ ራሴ ሌባ መሆኔን ነው። አንድ ጊዜ እንዲያውም «ምናልባት ሳላውቀው አጥፍቼው ይሆን?» ብዬ አሰብኩ።

ረቡዕ ለምሳ ስወጣ በቤተ ክርስቲያኑ በር በኩል አለፍኩ። እዚያ ሁልጊዜ የሚቀመጡ አንዲት እማሆይ አሉ። ፊቴን አይተው «ምን ሆንሽ ልጄ፣ ጠቆርሽ?» አሉኝ።

«የሥራ ጭንቀት ነው እማሆይ።»

«ነገ ገዳም እወርዳለሁ። በጸሎት ላስብሽ፤ ክርስትና ስምሽ ማነው?»

«ወለተ...» ብዬ ጀመርኩና አፌን ይዤ ቀረሁ።

እማሆይ ጠበቁኝ። እኔ መቁጠር ጀመርኩ። ለማን ሰጥቻለሁ? ለእናቴ፣ ለነፍስ አባቴ። አክስቴ ላሊበላ ስትሄድ ሰጥቻታለሁ። የጎረቤታችን ልጅ ጸበል ሲሄድ ሰጥቻለሁ። በታመምኩ ጊዜ ቄሱ በምእመናን ፊት ጠርተውታል። የመመረቂያ ፈተናዬ ሰሞን እናቴ ለሰበካው ሁሉ አድላዋለች። ይህ ማንም የማያውቀው ስም፣ በሰሜን ሸዋ ጸሎት የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው። ባለፈው ፍልሰታ ደግሞ አስናቀች ጸበል ልትሄድ ስትል፣ እንዳትረሳው ብዬ ራሴ በወረቀት ጽፌ ሰጥቻታለሁ።

«እማሆይ፣ ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ።»

«ስም ይረሳል እንዴ ልጄ?» አሉ ከኋላዬ። እሮጥ ነበር።

አስናቀች መጋዘን ውስጥ ማጭድ ትቆጥራለች። በሩን ዘጋሁት። አየችኝና መቁጠሯን አቆመች።

«ጸልየሽልኝ ነበር?» አልኳት።

«መቼ?»

«በፍልሰታ።»

«አሥራ አምስቱንም ቀን። አንድ ቀን አልዘለልኩም።»

«ከዚያስ?»

ማጭዱን አስቀመጠች። «ከዚያ ገባሁበት» አለች።

«ግን ይለፍ ቃሌ እሱ መሆኑን በምን አወቅሽ?»

«ጠዋት ጠዋት ስትከፍቺው ከንፈርሽ ይንቀሳቀሳል። መጀመሪያ የምትጸልዪ መስሎኝ ነበር። በኋላ አየሁት፤ ወለተ ሰንበት ትያለሽ።»

«ቁጥሩስ?»

«ሁልጊዜ ቁጥር ጨምሩ ብለሽ ያስተማርሽን አንቺ አይደለሽ? ከአንድ ጀመርኩ።»

አራት ዓመት ሙሉ ስለ ጥበቃ የተማርኩት ነገር አሥረኛ ክፍል ላይ ባቆመች ልጅ ፊት አበቃለት። «ለምን?» ብቻ አልኳት።

ነገረችኝ። እጮኛዋ መምህር ነው፤ የመርሐቤቴ ሰው፤ መሐል ሜዳ ያስተምራል። የአባቷን ሙያ እሱ ያውቃል፤ ግድም የለው። ቤተሰቦቹ ግን አያውቁም። ሽማግሌ የላኩ ጊዜ በሬና ገብስ አይተው፣ ገበሬ ቤት ነው ብለው ተመልሰዋል። እሑድ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ይመጣሉ። የእጮኛዋ አጎት ደግሞ አዲስ አበባ ይሠራሉ፤ ኢንተርኔት ይከፍታሉ፤ «የምትሠሪበትን ማኅበር በኢንተርኔት አያለሁ» ብለዋታል።

«ለሠርጉ ብቻ ነበር» አለች። «ካለፈ በኋላ ልመልሰው ነበር።»

«አባትሽ በየሳምንቱ እየመጡ እንደሚያዩት አታውቂም?»

ይህን ስላት ፊቷ ተለወጠ። «አውቃለሁ። አንቺስ አባቴን ዓለም ሁሉ እንዲያየው ስታወጪው፣ ልጁን አገባለሁ ያለ ሰው እንደሚያየው አስበሽ ነበር? እናንተ ቤት ማረሻ ሊጠግን ሲመጣ የሚጠጣበት ቅል ለብቻው ነው። ከደጃፉ ጎን ተሰቅሎ ነው የሚውለው። አንቺ ታውቂዋለሽ። አታውቂውም?»

አውቀዋለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። አንድ ቀን እንኳ ለምን ለብቻው ሆነ ብዬ አልጠየቅኩም። አፈርኩ። እዚያው ሱፉ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሷም አጠገቤ ተቀመጠች። ሁለታችንም አለቀስን ማለት ለዚህ ታሪክ ይበዛበታል፤ እሷ ግን አልቅሳለች፣ እኔም ዓይኔን ያሸሁት ከብርዱ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ማኅበሩ በግቢው ተሰበሰበ። አባላቱ በባና ተጠቅልለው በድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ በየነ ከሁሉም ኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ ተቀመጡ። ቃለ ጉባኤ የምትይዘው አስናቀች ነበረች፤ ሁልጊዜም እሷ ናት። አቶ ሸዋንግዛው ተነሡ።

«ዘነቡ፣ ፈለጉ ወጣ?»

ሌሊቱን ስዘጋጅበት ያደርኩት መልስ ነበረኝ። «አልወጣም። የይለፍ ቃሌ ክርስትና ስሜ ነበር። ለጸለየልኝ ሁሉ ሰጥቼዋለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ግቢው አጉረመረመ። «ክርስትና ስም ለማሽን?» አሉ አንድ ሸማኔ። «ማሽኑን ክርስትና አነሣሽው?» አሉ ሌላው። አቶ ሸዋንግዛው ዝም አሰኟቸው።

«ለማን ለማን ሰጠሽው?»

«ብዙ ነው። አላስታውስም።»

«አንቺ ልጅ፣ ካላስወጣሽ ፈለጉ ባንቺ ላይ ይቆማል።»

«ይቁም።»

ጀግና የሆንኩ እንዳይመስላችሁ። አባቴ ሲሰማ የሚለውን እያሰብኩ ነበር። ግን የአስናቀችን ስም ከአፌ ማውጣት አልቻልኩም። በዚህ መሐል ጋሽ በየነ ተነሡ። ወደፊት መጥተው ፊት ለፊቴ ቆሙ።

«ልጄ፣ ምን በድዬሽ ነው?» አሉኝ። «ለአባትሽ የሠራሁት ማረሻ አልቆረጠም? ንገሪኝና ልወቀው።»

ብዙ ነገር ተብዬ አውቃለሁ። ከዚህ የከበደኝ ግን የለም። መሬት መሬቱን አየሁ። እሳቸውም መልሱን ያገኙት መስሏቸው አንገታቸውን ደፉ።

ያን ጊዜ አስናቀች እስክሪብቶዋን ደብተሩ ላይ አስቀመጠች።

«አባባ፣ እኔ ነኝ።»

ጋሽ በየነ ዞረው አዩዋት። ለምን ብለው አልጠየቋትም። እሑድ ማን እንደሚመጣ ያውቃሉ፤ ሌላው ለመገመት አልከበዳቸውም። ከዚያ ወደ አቶ ሸዋንግዛው ዞሩ።

«ፈለጉ ከዘነቡ ቤት ወጥቷል» አሉ። «እኔ ቤት ገብቷል። ከኔ ቤት ወዲያ አይከተሉት።»

አቶ ሸዋንግዛው አገር ያውቃሉ። «ተቀብለናል» አሉና ስብሰባውን በተኑት። ቃለ ጉባኤው ላይ የተጻፈው «ስለ ድረ ገጹ ጥበቃ ውይይት ተደርጎ በስምምነት ተጠናቀቀ» የሚል ነው። የጻፍኩትም እኔ ነኝ፤ አስናቀች እስክሪብቶዋን መልሳ አላነሣችም።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ ከዚያ ወዲህ በርካታ ሰርቨር ጠብቄያለሁ። ከዚያ ሐሙስ በፊት ጥበቃ ማለት የማላውቀውን ሰው ከውጭ መመለስ ይመስለኝ ነበር። አሁን አንድ መሥሪያ ቤት ሲቀጥረኝ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ውስጥ ስላሉት ነው፤ የማን ፎቶ ተለጥፏል? የማን ስም ተጽፏል? ያ ሰው ሲታይ የሚጎዳ ማን አለ? አለቆቼ የዋህ ነች ይሉኛል፤ ይበሉኝ። የይለፍ ቃላችሁን በተመለከተ ግን አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ ዛሬውኑ ቀይሩት። ብዙዎቻችሁ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። አባቴ ቤት ያለውን ቅል ደግሞ የዚያኑ ቅዳሜ ከደጃፉ አውርጄ ለቤቱ ሰው ሁሉ ውሃ መቅጃ አደረግኩት። አባቴ አየኝ፤ ምንም አላለኝም። ምንም አለማለቱ ይቅርታ ይሁን ቁጣ እስካሁን አልለየሁም።

እሑድ ምን ሆነ ለምትሉኝ፣ ጋሽ በየነ «አጠገቤ ተቀመጪ» ብለውኝ ስለነበር በዓይኔ አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹ ከመርሐቤቴ መጡ፤ አጎትየውም ከአዲስ አበባ መጥተዋል። ገና ሳይቀመጡ ጋሽ በየነ ቆመው ተናገሩ።

«ከመጀመራችን በፊት እወቁት፤ እኔ አርሳለሁ፤ ግን ቀጥቃጭ ነኝ። አባቴም ቀጥቃጭ ነበር።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አጎትየው ጥቂት አሰቡና «ይህን ለምን ነገሩን? ዝም ቢሉ ማን ያውቅ ነበር?» አሉ።

«ልጄ» አሉ ጋሽ በየነ።

ሽማግሌዎቹ «እንመክርበታለን» ብለው ከቀረበው ሳይቀምሱ ሄዱ። መልሳቸው የመጣው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። እሺ አሉ፤ አጎትየው ግን ለሠርጉ አልመጡም።

አስናቀች ግን ያን መልስ አልጠበቀችም። በማግስቱ ሰኞ ከኔ ቀድማ ቢሮ ገብታ ጠበቀችኝ፤ አዲሱን የይለፍ ቃል አስገባሁላትና ወንበሩን ለቀቅኩላት። ፎቶውን ከነጋቢው፣ ማረሻውን፣ ማጭዱን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለሰች። ከሥሩ እኔ የጻፍኩትን አጠፋችና የራሷን ጻፈች፦ «አቶ በየነ፣ ቀጥቃጭ። አባቴ ናቸው።»